ጀርባው የረዘመ ቀሚስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽና ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን በስልክም ሁልጊዜ እልሻለሁ፤ የዛሬው ግን እውነት ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። በስልክ ስንገናኝ አንቺ «ደህና ነኝ እማዬ» ትያለሽ፣ እኔም «እኔም ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ትንሽ አውርተን እንዘጋዋለን። ወረቀት ግን በዚያ አይዘጋም። ብዙ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ባዶ ቦታ ሲተርፍ ደግሞ ሰው ያፍርና እውነቱን ይጽፋል። አጻጻፌን ታውቂዋለሽ። እጄ ከብዕር ይልቅ መርፌ ይቀልለዋል። አንድ መስመር ጽፌ፣ አንብቤ፣ ሻዬን ፉት ብዬ ነው ወደሚቀጥለው የምሄደው። አክስትሽ አሁን በአጠገቤ ስታልፍ «ፊደሉን እየጻፍሽው ነው ወይስ እየዘመዘምሽው?» ብላኝ ሄደች።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ለሰርግሽ እመጣ እንደሆነ ጠይቀሽኝ «ቀሚሱን ሰፍቼ እልክልሻለሁ፣ እኔን ግን ተዪኝ» አልኩሽ። እውነተኛው መልሴ በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አለ፤ ዘለሽ እንዳታነቢው! በልጅነትሽ ተረት ሲጀመርልሽ «መጨረሻው ምንድን ነው?» እያልሽ አባትሽን የምታስመርሪ ልጅ ነበርሽ። የዚህ መጨረሻ ግን ስለ ጀርባዬ ሳትሰሚ አይገባሽም።

ከወንድምሽ ቀብር በኋላ ወደ ሥራሽ ስትመለሺ እኔ ገና ቀጥ ያልኩ ሴት ነበርኩ። መጉበጤን አላየሽም። በስልኩ ምስል የማሳይሽ ፊቴን ብቻ ነው፤ ፊት ደግሞ አይጎብጥም። ወንድምሽ ካረፈ ወዲህ ከስፌት መኪናው ፊት አልነሳም ነበር። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ። ወደ መርፌው ሳቀረቅር ሰው አያናግረኝም፤ «እንዴት ነሽ? በረታሽ?» የሚለኝ የለም። አጎንብሳ የምትሰፋ ሴት ሥራ ላይ ነች ይባላል፣ ይታለፋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንገቴ ወደፊት ሄደ፣ ትከሻዬ ተከተለው።

መጀመሪያ የነገሩኝ ቀሚሶቼ ናቸው። ከፊት ጫፋቸው መሬት መንካት ጀመረ፣ ከኋላ ደግሞ ተረከዜን ትቶ ወደ ላይ ተሳበ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። የጎበጠ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ከፊት ይቀነሳል፣ ከኋላ ይጨመራል። ጥቁር ቀሚሶቼን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትቼ ለጎባጣዋ ሴትዮ አስተካከልኳቸው። እንዴት ያምሩ እንደነበር! ጫፋቸው ዙሪያውን እኩል ነው። ልብሴን አይቶ «ይህቺ ሴት ጎብጣለች» የሚል አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ ረሳሁት።

ከዚያ የሰርግ ቀሚስሽ መጣ። ልክሽን በስልክ የተቀበልኩ ዕለት አማቼን እንዴት እንዳደረግሁት ታስታውሻለሽ። አንቺ ቆመሽ፣ እሱ ሜትሩን ይዞ፣ እኔ እርሳስ ይዤ። ከማጅራትሽ እስከ ወገብሽ ያለውን ሲነግረኝ ከድሮው ልክሽ በሦስት ጣት በለጠ። የፊቱን ሲነግረኝ ደግሞ አነሰ።

«የኔ ልጅ፣ ሜትሩን ገልብጠህ ነው የያዝከው» አልኩት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ መሐንዲስ ነኝ። ድልድይ ነው የምለካው» አለኝ።

«ድልድይ ዝም ብሎ ይቆማል። ልጄ ትንቀሳቀሳለች። እንደገና ለካ!»

እንደገና ለካ፤ ያው ሆነ። «እግዜር ይይልህ፣ አንተ ለካህ ተብሎ በዚያ ድልድይ ሰው ይሻገራል?» አልኩት። አንቺ ከኋላ ሳቅ ብለሽ «ተዪው እማዬ፣ በድሮው ልኬ ስፊው» አልሽ። እኔም የድሮ ልክሽን የቆረጥኩበትን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ነጩን ሐር ዘርግቼ፣ በእሱ ቆረጥኩት። ሳቅሽ ትንሽ ፈጠን ያለ እንደነበር ያን ቀን ልብ አላልኩትም።

ጨርቁ ተቆርጦ ስፌቱ እንደተጀመረ ሰውነቴ አመፀ። ማጅራቴ ከራስ ምታት ጋር ተማከረ መሰለኝ፣ ሁለቱ ተራ ገቡ። ትከሻዬ ይቃጠላል፤ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ያቃተኝ ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ መረመረኝ፣ ራጅ አስነሳኝ፣ አጥንቴ ደህና መሆኑን ነገረኝና «ጡንቻ ነው፤ መታሸትና መንቀሳቀስ ያስፈልግሻል» አለኝ። እኔ ግን መታሸት የሀብታም ጨዋታ ይመስለኝ ነበርና ዝም ብዬ ወደ መኪናዬ ልመለስ ስል አክስትሽ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ደረጃውን ወጥተሽ በስተግራ፣ አንዲት ማሳጅ የምትሠራ ሴት ክፍል ተከራይታለች። አክስትሽ ለጉልበቷ ትሄድ ነበርና «እጀ ብረት» የሚል ስም አውጥታላታለች። እኔ ስሙን ሰምቼ ተርበድብጄ ነበር። ኋላ ሳየው እጇ የሞቀ ሊጥ ነው። ረጅም፣ ሰፊ፣ ሳቂተኛ ሴት ናት፤ ካልሲዋ ግን መቼም አይገጥምም። አንዱ ሰማያዊ ከሆነ ሌላው አረንጓዴ ነው።

ክፍሉ ውስጥ መሃሉ ላይ ከጣሪያ ወርዶ የተንጠለጠለ ክር አለ፤ ጫፉ ላይ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበት ቱምቢ ታስሯል። አልጋው ላይ ልወጣ ስል አስቆመችኝ።

«ቆይ እናቴ፣ መጀመሪያ እዚህ ክሩ አጠገብ በጎን ይቁሙልኝ። እንደ ልማድዎ። ቀጥ ለማለት አይሞክሩ።»

ቆምኩ። ዞር ዞር ብላ አየችኝ። የደህና ሰው ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ቁርጭምጭሚት በአንድ ክር ላይ ይሰለፋሉ አለችኝ። የኔ ዳሌና ቁርጭምጭሚት ደህና ናቸው። ትከሻዬ ከክሩ ወጥቷል። ጆሮዬማ!

«ጆሮዎ ከእርስዎ ቀድሞ ወዴት ሊሄድ ነው?» አለችኝ።

«ወሬ ሊሰማ ነዋ!» አለች አክስትሽ ከመጋረጃው ወዲያ።

ሴትየዋ ዝቅ ብላ የቀሚሴን ጫፍ አየች። በጣቷ ያዘችው፤ ከፊት ለካችው፣ ከኋላ ለካችው።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«እንግዲያውስ የት እንደጎበጡ ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር» አለችና ሳቀች።

ልጄ፣ በዚያች ደቂቃ ወደድኳት። ስፌቴን እንዲህ አድርጎ ያነበበ ሰው የለም።

በሆዴ ልተኛ ስል «አይ፣ በጀርባዎ» አለችኝ። «የሚያመኝ ጀርባዬ ነው እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ። የሚጮኸው ጀርባዎ ነው፤ የሚጎትተው ግን ደረትዎ ነው። እዚህ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ አጥሯል። ትከሻዎን ወደራሱ ይስባል። የጀርባው ጡንቻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተለጥጦ ‹ልቀቀኝ› እያለ ይጮሃል። የሚጮኸውን ብቻ ባሽ ዛሬ ደስ ብሎዎት ይሄዳሉ፣ ነገ ያው ነዎት።»

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር መሰለሽ? ኮት ከኋላ ሲጨማደድ ጀማሪ ልብስ ሰፊ የኋላውን ይፈታል። የቆየ ልብስ ሰፊ የፊቱን ያያል። ይህንኑ ነገርኳት። «አዩ!» አለች፤ «አንድ ሙያ ነው ያለን» አለች። ከዚያ በኋላ እሷ ስለ ጡንቻ፣ እኔ ስለ ጨርቅ እያወራን ማን የማንን እንደሚናገር አይለይም ነበር።

ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ከአንገቴ ሥር ካለው አጥንት በታች አስቀመጠችውና ቀስ እያለች ወደ ክንዴ ወሰደችው። አትጫንም። እጇን አሳርፋ ትጠብቃለች፤ ጡንቻው ራሱ እሺ ሲል ብቻ ትሄዳለች። ብብቴ አጠገብ ስትደርስ ግን ምን ልበልሽ፣ ኮረኮረችኝ። ሳቅኩ። እግሬ እስኪርገፈገፍ ሳቅኩ። አክስትሽ አንድ ጫማዋን ብቻ አድርጋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፦ «ምን እያደረግሻት ነው?»

ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ። ከወንድምሽ በኋላ ስስቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሴትየዋ ምንም ሳትጠይቀኝ እጆቼን ከአፌ ላይ አንስታ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸውና «አይያዙት እናቴ። ሲስቁ ደረትዎ ይላላል፤ ሥራዬን ያቀሉልኛል» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ አክስትሽ ለራሷ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

የቤት ሥራ ሰጥታኛለች። ከሁሉም የሚያስቀው የበሩ ነው። ሁለት ክንድሽን አጥፈሽ በበሩ መቃን ላይ ግራና ቀኝ ታሳርፊያለሽ፣ አንድ እግርሽን ወደፊት ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ደረትሽ ቀስ ብሎ እንዲከፈት ትጠብቂያለሽ። እኔ ያለኝ ሰፊ በር የሱቁ በር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ አጣቢ እንዲያ ቆሜ አየኝና እየጮኸ መጣ።

«ምን ሆንሽ? ሱቁን ዘጋሽው? ማን እንዳይገባብሽ ነው?»

«ደረቴን እየዘረጋሁ ነው።»

«ልትበሪ ነው?»

«ከበረርኩ ከካውያህ ጭስ እገላገላለሁ!»

በማግስቱ ቀና ስል እሱም የራሱ በር ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ለካ ካውያው እሱንም አጉብጦት ኖሯል። አሁን በየጠዋቱ እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፣ በመሃላችን አላፊ አግዳሚው ግራ ገብቶት እየሳቀ ያልፋል። አንዷ ደንበኛዬማ ሁለታችንም ለአድማ የወጣን መስሏት ጨርቋን ይዛ ተመለሰች።

ሌላም አለ። አገጭሽን ወደ ኋላ ስበሽ ድርብ አገጭ ታወጫለሽ። አክስትሽ ይህን ሳደርግ እንዳታየኝ ከመስታወቱ ፊት ዘወር እላለሁ፤ ደርሳ ካየችኝ ቀኑን ሙሉ እኔን እያስመሰለች ትስቃለች። የስፌት መኪናዬም ጠረጴዛ ከፍ ብሏል፤ አናጢው እግሮቹ ሥር እንጨት ጨመረበት፣ እኔ ወደ ጨርቁ መውረዴ ቀርቶ ጨርቁ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ቀን ሴትየዋን ለማስደሰት ደረቴን ገፍቼ እንደ ወታደር ተገትሬ ሄድኩላትና ሳቀችብኝ። «ይህማ ወደ ኋላ መጉበጥ ነው። ቀና ማለት መገተር አይደለም። ዝም ብለው ያረፉበት ቁመት ነው» አለችኝ። ደግሞም አትቸኩልም። «ይህ ጉብጠት በአንድ ቀን አልመጣም» ትለኛለች።

አሁን የምነግርሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አንድ ጠዋት በሩ ላይ እንደ ልማዴ ቆሜ፣ ደረቴ ሲከፈት አንገቴ ብቻውን ወደ ላይ ሄደ። ከራሴ በላይ ያለውን የበሩን ጉበን አየሁት። ከዚያ ቁመት በታች ጎንበስ ብዬ ስገባና ስወጣ ስንት ጊዜ ሆነኝ። ወንድምሽ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ ጉበኑን ይዞ፣ ሰውነቱን ዘንበል አድርጎ ሲያወራኝ ትዝ ይልሻል? «ግባ ወይ ውጣ፣ ብርሃን ጋረድከኝ!» እለው ነበር። የያዘበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። የአራት ጣቶች ወዝ፣ ጎን ለጎን፣ እንጨቱ ላይ አብረቅርቆ ተቀምጧል። ይኸው በየቀኑ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር፤ እኔ መሬት መሬቱን ስፈልገው።

ልጄ፣ አላዘንኩም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ደስ አለኝ። ወንበር አምጥቼ ወጣሁና ጣቶቼን በጣቶቹ ቦታ ላይ አደረግኋቸው። ልብስ አጣቢው ከማዶ «ይህኛው ደግሞ የምን ስፖርት ነው?» አለ። «የኔ ነው፤ አንተ አትችለውም» አልኩት። በሩን ሊቀባ የሚመጣውን ቀለም ቀቢ ጉበኑን እንዳይነካ አስጠንቅቄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ቀሚሶቼ ሁሉ ተጣሉኝ። አንድ ቀን ከአክስትሽ ጋር በመንገድ ስንሄድ ከኋላዬ ስትንፈቀፈቅ ሰማሁ።

«ምን ያስቅሻል?»

«እታለም፣ ጅራት አውጥተሻል!»

ዞሬ አየሁ። ጥቁሩ ቀሚሴ ከኋላ መንገዱን ይጠርጋል፤ ከፊት ደግሞ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ላይ ሸሽቷል። ለጎባጣዋ ሴትዮ የሰፋሁት ልብስ ነው፤ እሷ ሳትነግረኝ ሄዳለች! መንገድ ላይ ተደጋግፈን ሳቅን። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን ጅራት ይዛ።

አሁን ወደ አንቺ ልመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት አልጋው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴን በአልጋው የፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ውስጥ አድርጌ፣ የሴትየዋን ካልሲዎች እያየሁ ነበር። እሷ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቼ መሃል እየሠራች ስለ ደንበኞቿ ታወራኛለች። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው አለች። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ፣ ማታ ብቻቸውን ስልክ ላይ የሚያጎነብሱ። አንዳንዱ ደግሞ ልቡ ተሰብሮ ይመጣል፣ ያንን ግን አይናገርም፤ «ትራሴ አልተመቸኝም» ነው የሚለው።

«ታዲያ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እርስዎ በሚያውቁበት ነዋ። ከኋላ ይረዝማሉ፣ ከፊት ያጥራሉ።»

ከአልጋው ላይ ብድግ አልኩ። ዘይቱ በጀርባዬ ይወርዳል። ሴትየዋ ደንግጣ «ምን ሆኑ? አመምኩዎት?» ትላለች።

«አማቼ!» አልኩ። «አማቼ ልክ ነው!»

ከማጅራትሽ እስከ ወገብሽ ሦስት ጣት በለጠ። ከፊት አነሰ። ሁለት ጊዜ ለካው፣ ሁለቴም ያው ሆነ። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ የኖርኩ ሴት፣ ቁጥሩን ሰምቼ ልጄን አላየኋትም፤ ድልድይ ለኪውን ሰደብኩ። አንቺም «በድሮው ልኬ ስፊው» አልሽኝ።

ለምን እንዳልሽኝ አልጠይቅሽም። ገብቶኛል። ብቻሽን፣ በሰው አገር፣ ጠረጴዛሽ ላይ ወዴት እንደምታቀረቅሪ ጀርባሽ ነግሮኛል። እኔ እንዳልሰማ በስልክ ድምፅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ አንቺ እንዳትሰሚ እኔም ከፍ አደርጋለሁ። ሁለታችንም በወንድምሽ ሐዘን ጎብጠን፣ ሁለታችንም ደህና ነን እንባባላለን።

በዚያ ቀን ወደ ቤት ስሄድ አለቀስኩ? አዎ፣ ትንሽ። ቀና ብዬ ነው ግን። ቀና ብለሽ ስታለቅሺ እንባው ጉንጭሽን ጨርሶ አንገትሽ ሥር ይደርቃል። አጎንብሼ ሳለቅስ ጨርቁ ላይ ነበር የሚንጠባጠበው፤ የደንበኛ ስንት ሐር አበላሽቻለሁ መሰለሽ!

ቤት ገብቼ ቀሚስሽን ከተሰቀለበት አወረድኩት። መቀሱን አነሳሁ። አክስትሽ «እውነተኛ ልኳ ያ ከሆነ አስተካክይው፣ ቀኑ እየደረሰ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከፊት መቀነስ፣ ከኋላ መጨመር፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ባደርገው በሰርግሽ ቀን ጫፉ ዙሪያውን እኩል ይሆናል፣ ፎቶግራፉ ያምራል፣ መጉበጥሽን ማንም አያይም። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚችል ሰው የለም። በራሴ ላይ ሠርቼው አይቻለሁ።

መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት። ለራሴ ያደረግሁትን ለአንቺ አላደርገውም።

በማግስቱ ደረጃውን ወጥቼ ለእጀ ብረት «አስተምሪኝ» አልኳት። «ማሳጅ ቤት ሊከፍቱብኝ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ እጆቼን ይዛ ገለባብጣ አየቻቸው። «ጨርቅ እንዳይሸሽ እንዴት ይይዙታል?» አለች። አሳየኋት። «እንደዚያው ነው፤ አይጨብጡት፣ ያሳርፉበት» አለችኝ። አሁን በአክስትሽ ላይ እለማመዳለሁ። እሷም «ሰርጉ የልጅቷ፣ የሚታሸው የኔ!» እያለች ታጉረመርማለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሳልጠራት ትተኛለች። የማልነካውንም ተምሬያለሁ፦ የአንገት ፊት ለፊት አይነካም፣ አጥንት አይጫንም፣ ሰውየው «አመመኝ» ካለ ይቆማል። ጣትሽ የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ እኔን ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ሂጂ።

እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተርሽን መጻሕፍት ላይ አስቀምጪው፣ ዓይንሽ ትይዩ ይሁን። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቁሚ። አማቼ «ልትበሪ ነው?» ካለሽ መልሱን ታውቂዋለሽ።

ደርሰናል። ዘለሽ ካልመጣሽ አሁን መልሴን ስሚ።

እመጣለሁ።

ለሰርጉ ቀን አይደለም፤ ቀደም ብዬ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ። አክስትሽ ሱቁን ትጠብቅልኛለች፣ ለሰርጉ ሳምንት እሷም ትደርሳለች። ማታ ከሥራ ስትመለሺ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ፣ ዘይቱን አሞቃለሁ፣ አንቺ ትተኛለሽ። ካሰኘሽ ታወሪያለሽ፣ ካላሰኘሽ ትተኛለሽ። ስለ ወንድምሽ እናወራለን። እስካሁን አውርተን አናውቅም። ብብትሽ አጠገብ ስደርስ እንደምትስቂም አውቃለሁ፤ የኔ ልጅ አይደለሽ?

ቀሚሱን ይዤው እመጣለሁ። ቀና ላለችው ልጄ ነው የተሰፋው። ነገር ግን ሰውነት እንደማይቸኩል ተምሬያለሁና ከጀርባው ስፌት ውስጥ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ አጥፌ ደብቄልሻለሁ፤ የፊቱንም ካስፈለገ እንዲያጥር አድርጌ ትቼዋለሁ። የሰርግሽ ዋዜማ ገና ቀና ባትዪ ማታውን ፈትቼ በዚያን ቀን ልክሽ አደርግልሻለሁ። ቀሚሱ ይጠብቅሻል። እኔም።

ለራሴም አዲስ ቀሚስ ቆርጫለሁ። ልኬን አክስትሽ ናት የወሰደችው፤ ከፊትና ከኋላ ሦስት ጊዜ አስለካኋት፣ አማቼን ያደረግሁት ደርሶብኛል። ቀለሙ የበሰለ ብርቱካን ነው። ስመጣ በሰው መሃል ጥቁር የለበሰች አጎንባሽ ሴት አትፈልጊ፤ አጠገብሽ ሆኜ ታልፊኛለሽ። ከፍ አድርገሽ ፈልጊኝ።

የቤትሽን በር አስቀድሜ እፈትሸዋለሁ። ለሁለት ሰው አይበቃ እንደሆነ ተራ በተራ እንቆማለን። የአንቺ ጉበን ላይ ጣቶቹ የሉም፤ ግድ የለም፣ ቁመቱን እኔ አሳይሻለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ሁሉ ሰፊ በር ያድርግልሽ። ትከሻሽ ላይ ያለው ሁሉ ይቅለልሽ። እጅሽ የነካው ይለምልም፣ ሳቅሽ ቤትሽን ይሙላው፣ ያገኘሽው ሰው ዕድሜ ልክሽን እንደለካሽ በትክክል ይወቅሽ። እስክንገናኝ ግንባርሽን ስሜዋለሁ፤ ማጅራትሽንም።

እናትሽ

ለአማቼ አንብቢለት፦ የኔ ልጅ፣ ልክህ ልክ ነበር፤ ስለ ድልድዩ ያልኩህን ይቅር በለኝ። ሜትሩን አትጣለው። የሰርጉ ዋዜማ አንተው ራስህ ትለካታለህ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ እጽፋለሁ። ያን ቀን ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ከመጣ እንደገና አትለካ። አንተም አልተሳሳትክም፣ ሜትሩም አልተገለበጠም።